ያለቀ ኩሽኔታ ይመሰክራል

ባለ ሸራ ጀልባ በነፋስ ይሄዳል። ከወደብ ሲወጣና ሲገባ፣ ነፋሱ ጸጥ ሲል፣ በጠባብ መተላለፊያ ከትልልቅ መርከቦች ጋር ሲጋፋ ግን የሚያወጣው ሆዱ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ትንሽ የናፍጣ ሞተር ነው። ሞተሩ ጉልበቱን ወደ ውሃው የሚያደርሰው በማይዝግ ብረት ዘንግ ነው፤ እኛ ሻፍት እንለዋለን። ሻፍቱ በጀልባው ወለል በኩል ወደ ውጭ ይወጣና ጫፉ ላይ ፕሮፔለሩን ይሸከማል። ከፕሮፔለሩ አጠገብ፣ ጀልባው ውሃ ላይ እስካለ ድረስ ማንም በማያየው ቦታ፣ ያን የሚሽከረከር ብረት ደግፎ የሚይዘው ከመዳፍ ብዙም የማይረዝም በጎማ የተለበጠ ቱቦ ነው፤ ኩሽኔታ እንለዋለን።

እኔ ሲያትል ከተማ በጀልባ ጥገና ግቢ ውስጥ የምሠራ መካኒክ ነኝ። ሙያውን የጀመርኩት ባሕር ዳር፣ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ነው። ጀልባና ጭነት መኪና በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ በአንድ ነገር ግን አንድ ናቸው፤ የሚሰማው ድምፅና ጥፋቱ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ሰው ጀልባው ሲንቀጠቀጥበት "ኩሽኔታው አልቋል፣ ይቀየር" ይላል። ይቀየርለታል፤ ይከፍላል፤ ደስ ብሎት ይሄዳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ኩሽኔታ ዕድሜውን ጨርሶ ማለቁ ያለ ነው። ያለ ዕድሜው ሲያልቅ ግን ሌላ ቦታ ያለ ጥፋት እየበላው ነውና፣ ያንን ጥፋት ሳይፈልጉ አዲስ ኩሽኔታ መግጠም ለጥፋቱ ተጨማሪ ምግብ ማቅረብ ነው። ይህን የምጽፈው ጀልባ ላላቸውም፣ ጀልባ በሩቁ ብቻ ለሚያዩም ነው፤ ነገሩ የማሽን ሁሉ ጠባይ ስለሆነ።

መጀመሪያ ኩሽኔታው እንዴት እንደሚሠራ። መኪና ላይ የምናውቃቸው ኩሽኔታዎች በግራሶ ወይም በዘይት ነው የሚኖሩት። ይህኛው፣ ከትለስ ቤሪንግ የሚሉት፣ የሚኖረው በውሃ ነው። ከውጭ የነሐስ ወይም የፋይበርግላስ ቅርፊት አለው፤ ከውስጥ ደግሞ ቁመቱን ተከትለው ቦዮች የተቀረጹበት ጎማ ተለብጧል። የባሕሩ ውሃ በቦዮቹ ይገባል፣ ይወጣል። ሻፍቱ ፍጥነት ሲያገኝ ውሃውን ከሥሩ እየጎተተ ስስ ንጣፍ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ብረቱ የሚዞረው በውሃው ላይ እንጂ በጎማው ላይ አይደለም። በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ የሚበር መኪና ጎማው ውሃ ላይ ተንሳፎ ፍሬን እምቢ እንደሚለው ማለት ነው፤ ለመኪናው አደጋ የሆነው ነገር ለሻፍቱ ሕይወቱ ነው። አሸዋ ሲገባም ጎማው ለስላሳ ስለሆነ ይሸሽለታል፤ የአሸዋዋ ፍሬ ወደ ቦዩ ተንከባልላ ከውሃው ጋር ትወጣለች። ብረት በብረት ላይ ቢሆን ኖሮ ያቺው ፍሬ ሁለቱንም ትፍቃቸው ነበር።

ይህ መላ በአንድ ቀን አልተገኘም። መርከቦች በጎናቸው ያለውን መንኮራኩር ትተው ወደ ፕሮፔለር ሲዞሩ፣ ትልቋ ከብረት የተሠራች መርከብ ግሬት ብሪተን እ.ኤ.አ. በ1843 ውሃ ላይ በወረደችበት ዘመን፣ ከባዱ ፈተና ፕሮፔለሩ ሳይሆን ሻፍቱ የሚያርፍበት ቦታ ሆነ። ብረቱ ነሐሱን በፍጥነት ይበላው ነበር። በ1850ዎቹ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ፔን ሊግነም ቪታ በሚባል የካሪቢያን እንጨት ኩሽኔታ ሠራ። እንጨቱ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ከባድ ነው፤ የራሱ ቅባት በውስጡ አለው። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1954 ውሃ ላይ የወረደችው የመጀመሪያዋ የኑክሌር ባሕር ሰርጓጅ ኖቲለስ እንኳ ሻፍቷ የሚዞረው በዚሁ እንጨት ላይ ነበር። ጎማው የመጣው በ1920ዎቹ ነው። ቻርልስ ሸርውድ የተባለ የማዕድን መሐንዲስ ካሊፎርኒያ ውስጥ አሸዋማ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ኩሽኔታ እየጨረሰ ቢያስቸግረው ጎማ አስገባበት፤ ጎማው ብረቱ ከቆየው አልፎ ቆየ። ዛሬ የትንንሽ ጀልባዎች ሻፍት በአብዛኛው የሚዞረው በዚያ ሐሳብ ላይ ነው። ችግር ያስተማረው ሰው የሠራው ነገር ስለሆነ ሁልጊዜ አከብረዋለሁ።

አሁን ወደ አንድ ሥራ ልግባ፤ ከእሱ ብዙ ነገር ይታያል።

ጀልባዋ በ1980ዎቹ የተሠራች የፋይበርግላስ ጀልባ ናት፣ አሥር ሜትር ገደማ። ባለቤቷ ቦይንግ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ያገሬ ሰው ናቸው። ሌክ ዩኒየን በሚባለው፣ በከተማው መሀል በተኛው ሐይቅ ላይ ያስሯታል። ከሐይቁ ወደ ባሕሩ ለመውጣት በባላርድ በኩል ያለውን፣ በ1917 የተከፈተውን የውሃ በር ማለፍ ግድ ነው። በበሩ ውስጥ ጀልባዎች ተጠጋግተው ይታሰራሉ፣ ውሃው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ይወጣሉ። እዚያ ቦታ በሸራ ብቻ የሚገባ የለም፤ ሞተር የግድ ነው።

"ልጄ፣ ደግሞ ጀመራት" አሉኝ በስልክ።

"ምን ጀመራት ጋሼ?"

"ያ መንቀጥቀጥ ነዋ። ሞተሩ ሁለት ሺህ ዙር ላይ ሲደርስ ሳህኑ ሁሉ ከመደርደሪያው ይንጫጫል።"

"ኩሽኔታው መቼ ነው የተቀየረው?"

"ባለፈው በጋ። ከዚያም በፊት ተቀይሯል፣ ሌላ ግቢ ነው ያሠራሁት።"

"አሮጌውን አስቀርተውታል?"

"ምን ያደርግልኛል ብዬ ልጄ?"

ብዙ ሰው የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

ጀልባን ከውሃ ማውጣት ገንዘብ ስለሚያስወጣ፣ ውሃ ላይ እያለች የሚገኘውን መረጃ ሁሉ አሟጥጬ መያዝ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ጀልባዋን ከመድረኩ ጋር አጥብቀን አሰርን። ሞተሩን አስነሥቼ ማርሽ ሳይገባ ዙሩን ቀስ በቀስ ከፍ አደረግሁ። በዚህ ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥፋቱ ከሞተሩ ወገን ነው፤ አንዱ ሲሊንደር ናፍጣ በደንብ አያገኝ ይሆናል፣ ወይም ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ደክሟል። የጋሼ ሞተር ያለ ማርሽ ሲዞር ጤነኛ መሰለ። ማርሽ ሲገባ ግን ከወለሉ ሥር ንዝረቱ ተነሣ፤ ዙሩ ሲጨምር እየባሰ፣ አንድ ቦታ ላይ ጫፍ ደርሶ፣ ከዚያ ትንሽ ቀለል የሚል።

ከዚያ ወደ ሰፊው ውሃ ወጣን። ሸራውን ከፍተን ሞተሩን አጠፋን። ካምቢዮው ሻፍቱን በነጻ መልቀቅ የሚፈቅድ ዓይነት ከሆነ (አንዳንዱ አይፈቅድም፣ መመሪያውን ማየት ያሻል) ጀልባዋ በነፋስ ስትሄድ ውሃው ራሱ ፕሮፔለሩን ያዞረዋል። ሞተሩ ዝም ባለበት ጸጥታ ከኋላ በኩል "ቋ… ቋ… ቋ" የሚል ድምፅ ከተሰማ ሞተሩ ነጻ ወጥቷል ማለት ነው፤ ነገሩ ያለው ሻፍቱ ላይ፣ ፕሮፔለሩ ላይ ወይም ኩሽኔታው ላይ ነው። ይህን ፈተና እወደዋለሁ። ገንዘብ አያስወጣም፣ መሣሪያ አይፈልግም፣ አይዋሽም። ጋሼ ጆሯቸውን ወለሉ ላይ ደግፈው ሰሙት።

የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ሻፍቱን ሲዞር ማየትም ይጠቅማል። የሚዞር ሻፍት ግን እጅ አይቀርበውም። ነጠላ፣ ረጅም እጅጌ፣ ያልታሰረ ጸጉር፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ማተብ እንኳ ሞተሩ ክፍል ውስጥ አይገባም። ይህን ስናገር የሚሰለቻቸው አሉ፤ ይሰልቻቸው። ሻፍት የያዘውን አይለቅም።

ሻፍቱ ከጀልባው በሚወጣበት ቦታ ውሃ እንዳይገባ የሚያግድ ስተፊንግ ቦክስ የሚባል ነገር አለ፤ በሰም ወይም በቅባት የተነከረ የተጎነጎነ ገመድ ሻፍቱ ላይ ተጠምጥሞ በዳዶ ይጠበቃል። ሻፍቱ ሲዞር በደቂቃ ጥቂት ጠብታ እንዲያንጠባጥብ ተደርጎ ነው የሚስተካከለው፤ ጠብታው ገመዱን ያቀዘቅዘዋል። ሲቆም መንጠባጠቡም ይቆማል። የጋሼ ግን ቆሞም ያንጠባጥብ ነበር። ሰው ይህን ሲያይ ዳዶውን ያጠብቃል፤ ለአንድ ሳምንት ይሻለዋል፣ ከዚያ ይብሳል። ሻፍቱ ከመሀል ወጥቶ እየተወዛወዘ ገመዱን በአንድ ጎን ሲደቁሰው ማጥበቅ ምንም አይፈይድም። እንዲያውም ገመዱ ግሎ ሻፍቱን ይቦረቡረዋል።

ጀልባዋን አወጣናት። በሰፋፊ መቀነቶች ከውሃ የሚያነሣ ተሽከርካሪ ማንሻ አለ፤ አንሥቶ አምጥቶ በብረት ድጋፎች ላይ ያቆማታል። ከሆዷ ሥር ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት ፕሮፔለሩን ነው። ሲያትል ባለችበት ባሕር፣ በፒዩጀት ሳውንድ፣ የሸርጣን ወጥመድ ገመድና ረጃጅም የባሕር አረም ሻፍት ላይ መጠምጠም የዘወትር ነገር ነው። ባርናክል የሚባሉ ድንጋይ ለብሰው የሚጣበቁ ትንንሽ የባሕር እንስሳትም አሉ፤ ከባሕር ወደ ሐይቁ ጣፋጭ ውሃ ሲገቡ ይሞታሉ፣ ቅርፊታቸው ግን ተጣብቆ ይቀራል። በአንዱ ቅጠል ላይ ብቻ የተከማቸ ቅርፊት ፕሮፔለሩን ሚዛን አሳጥቶ ጀልባውን ሁሉ ያንቀጠቅጣል። ከዚህ ነገር የተነሣ ምንም ያልሆነ ኩሽኔታ የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ። የጋሼ ፕሮፔለር ንጹሕ ነበር፤ ቅጠሎቹም አልታጠፉም።

ከዚያ ፕሮፔለሩን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቅሁት። የቆየው መለኪያ ቀላል ነው፤ የሻፍቱ ውፍረት 25 ሚሊሜትር ከሆነ መነቃነቁ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስ ኩሽኔታው ይቀየራል። ሻፍቱ ሲወፍር የሚፈቀደውም በዚያው ልክ ይጨምራል። የጋሼ ያንን ያለፈ ነበር። ሻፍቱን የሚደግፈው ከጀልባው ሆድ የተንጠለጠለ የነሐስ ክንድ ስትራት ይባላል፤ እሱም አብሮ እንደማይንቀሳቀስ በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሥሩ ላይ የተሰነጠቀ ቀለም ካለ፣ ብሎኖቹ ላልተው ከሆነ፣ የኩሽኔታው ወሬ ለጊዜው ይቆይ። ስትራቱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደርጋለሁ፤ ጤነኛ ነሐስ ይጮኻል፣ የታመመ ይደነቁራል። ሲፋቅ መልኩ ወደ ሮዝ የሚሄድ ከሆነ ከብረቱ ውስጥ ዚንኩ በኤሌክትሪክ ተበልቶ የቀረው ልፍስፍስ መዳብ ነው። ያ ደግሞ ሌላና ከባድ ሥራ ነው።

ሻፍቱን በእጅ አዙሬ ጠበቅ ላላ የሚልበት ቦታ እንዳለ ፈተሽኩ፤ በሰዓት መሳይ መለኪያም ቀጥ ማለቱን አየሁ። ቀጥ ያለ ነበር።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ መጣ። ኩሽኔታውን ከማውጣቴ በፊት በሹል ብረት ቅርፊቱ ጠርዝ ላይ ሁለት ምልክት ጫርሁ፤ አንዱ "ላይ"፣ አንዱ "ፊት"። አንዴ ከወጣ በኋላ ክብ ነገር የት በኩል ወደ ላይ እንደነበር አይነግርም።

ፕሮፔለሩ የሚወጣው በመንቀያ ነው። መዶሻ ሻፍቱን ያጣምማል፣ ካምቢዮውንም ይጎዳል፤ እሳት ደግሞ ነሐሱን ያበላሸዋል። ለኩሽኔታው ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ሻፍቱን ጨርሶ ማውጣት ነው፤ በብዙ ጀልባ ላይ መሪው ከኋላ ስለሚዘጋው መሪውን ማውረድ ይጠይቃል፣ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘበት መጋጠሚያም ዝጎ እምቢ ይላል። ሁለተኛው ሻፍቱ ባለበት ሆኖ በሁለት ሰሌዳና በረጃጅም ብሎኖች እየጨመቀ ኩሽኔታውን ከስትራቱ የሚገፋ መሣሪያ ነው፤ እኔ ሲቻል ይህን እመርጣለሁ። ሦስተኛው ሻፍቱ ከወጣ በኋላ የሴጌቶ ምላጭን በእጅ ይዞ ቅርፊቱን ከውስጥ ቁመቱን ተከትሎ ቆርጦ ማጠፍ ነው። ቀስ ተብሎ ነው የሚሠራው፤ ምላጩ ስትራቱን የነካ ዕለት የኩሽኔታ ሥራ የስትራት ሥራ ይሆናል። በየትኛውም መንገድ ግን በስትራቱ ጎን ያሉትን ጭንቅላት የሌላቸው ትንንሽ ብሎኖች ቀድሞ መፍታት ይገባል። ብዙ ጊዜ በቀለም ተሸፍነው አይታዩም። ሰው እነሱን ሳያይ ሲጨምቅ ይውልና ስትራቱን ይሰነጥቃል።

ኩሽኔታው ወጣ። አጥበን ወደ ብርሃን ወሰድነው።

የጎማ ኩሽኔታ አበላል ይነበባል። ዙሪያውን እኩል ካለቀ ዕድሜው ነው፣ ወይም አሸዋማ ውሃ ነው፤ ቀይሮ መሄድ ይቻላል። ጎማው ጠቁሮ፣ ጠንክሮ፣ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ውሃ አጥቶ ነድዷል ማለት ነው። ውሃ የሚያጣው ቦዮቹ በቀለም ወይም በባርናክል ሲደፈኑ፣ ሻፍቱ ላይ የሚታሰረው፣ ለሌላው ብረት ሲል ራሱ የሚበላው የዚንክ ቀለበት ኩሽኔታው አፍ ድረስ ተጠግቶ ሲዘጋው፣ ወይም ሰው ጀልባው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ሞተሩን በማርሽ ሲያዞረው ነው። ጎማው ከቅርፊቱ ተላቆ ከሆነ የኤሌክትሪክ ብል ቅርፊቱን በልቶት ሊሆን ይችላል።

የጋሼ ኩሽኔታ ግን ከእነዚህ አንዱንም አልተናገረም። የፊቱ ጫፍ ከታች በኩል ተበልቷል፤ የኋላው ጫፍ ከላይ በኩል ተበልቷል። የቀረው ጎማ ገና አዲስ ነው፣ ቦዮቹም ጥልቀታቸውን አልለቀቁም።

"ይህ ምን ማለት ነው?" አሉ ጋሼ።

"ሻፍቱ በኩሽኔታው ውስጥ የሚያልፈው አጋድሎ ነው። ጀልባው ውስጥ ያለው ጫፉ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ እዚህ ፊት ለፊት ታችኛውን ይጫናል፣ ኋላ ደግሞ ላይኛውን ያነሣል።"

"ማን ዝቅ አደረገው?"

"ሞተሩ ነው የሰመጠው ጋሼ። ገብተን እንየው።"

የጀልባ ሞተር ሱፖርቶ በሚባሉ አራት ጎማዎች ላይ ይቀመጣል። በጣቴ አንድ በአንድ ጫንኳቸው። ከግራ በኩል የኋለኛው፣ ለካምቢዮው የቀረበው፣ እንደ ቆየ ሊጥ ለስልሶ ነበር። ከበላዩ የናፍጣ ማጣሪያው አለ፤ ከማጣሪያው መጋጠሚያ አንዲት ጠብታ፣ ቆይታ ሌላ ጠብታ፣ ሱፖርቶው ላይ ታርፋለች። ናፍጣ ያን ዓይነት ጎማ ያፈርሰዋል። ጎማው ሲለሰልስ የሞተሩ ጥግ ወረደ፤ ጥጉ ሲወርድ መጋጠሚያው ወረደ፤ መጋጠሚያው ሲወርድ ሻፍቱ ኩሽኔታውን በሁለት ጫፉ መንከስ ጀመረ። ባለፉት ዓመታት የተቀየሩት ኩሽኔታዎች በሙሉ የከፈሉት የዚያችን ጠብታ ዕዳ ነው። የማጣሪያውን መዳብ ቀለበት ቀየርኩ። ሱፖርቶዎቹን አራቱንም ቀየርኳቸው፤ አንዱን ብቻ አዲስ ማድረግ ሦስቱን አሮጌዎች ከአዲሱ ጋር እኩል አያቆማቸውም።

ሻፍቱም ይታያል። ኩሽኔታው በሚያርፍበት ቦታ በጥፍር የሚሰማ ጉድጓድ ካለ አዲሱን ኩሽኔታ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። የማይዝግ ብረት ደግሞ ስሙን የሚጠብቀው ኦክስጅን እስካገኘ ነው፤ ለወራት ሳይንቀሳቀስ በቆመ ጀልባ ላይ በስተፊንግ ቦክሱ ገመድ ሥር ውሃ ሲያረጅ ሻፍቱ በዚያ በኩል ትንንሽ ቀዳዳ ያበጃል። የጋሼ ሻፍት በእርግጥ የመፋተግ ምልክት ነበረው፤ ጉድጓድ ግን አልነበረውም፤ በስስ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ መለስኩት።

አዲሱን ኩሽኔታ መግጠም ከማውጣቱ ይቀላል። ርዝመቱ የሻፍቱ ውፍረት አራት እጥፍ ያህል ነው፤ 25 ሚሊሜትር ለሆነው ሻፍት 10 ሴንቲሜትር ገደማ። የነሐስ ቅርፊት ያለውን ለጥቂት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ትንሽ ያሳንሰዋል። የምቀባው የሳሙና ውሃ ነው፤ ግራሶ አሸዋ ይሰበስባል። በእጅና በቀስታ ጭመቃ የማይገባ ከሆነ አይደበደብም፤ ቦታው ይጸዳል፣ ይለካል። በግድ የገባ ኩሽኔታ ቅርፊቱ ይሰበሰብና ሻፍቱን ያንቃል። ትንንሾቹ ብሎኖችም ቅርፊቱ ላይ ለእነሱ የተቦረቦረችው ጎድጓዳ ውስጥ ማረፍ ብቻ ነው ያለባቸው፤ ከጠበቁ ጎማውን ወደ ውስጥ ያሳብጡታል። ፕሮፔለሩ ሲመለስ ስሱ ዳዶ ይቀድማል፣ ወፍራሙ በላዩ ይታሰራል፣ ከዚያ መቆለፊያ ሽቦው። ብዙ ጀልባ ላይ ተገልብጦ አገኘዋለሁ።

አሁን ሥራው ያለቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ዋናው ነገር ገና ነው፤ ሞተሩንና ሻፍቱን በአንድ መስመር ማቆም። ይህ ደግሞ ጀልባው መሬት ላይ ሳለ አይሠራም። ድጋፍ ላይ የቆመ ጀልባ ቅርጹ ውሃ ላይ ከሚኖረው ይለያል፤ ፋይበርግላስም ቢሆን ይተጣጠፋል። ጀልባዋን ወደ ውሃ መልሰን፣ የምሰሶዋን ገመዶች በልካቸው አጥብቀን፣ እንድትረጋጋ አሳደርናት።

በማግስቱ የመጋጠሚያውን ብሎኖች ፈታሁ። የካምቢዮው ፊትና የሻፍቱ ፊት ሁለት ክብ ብረቶች ናቸው። ለጥቂት ይራራቁና ሲጠጋጉ በሁሉም በኩል እኩል መገናኘት አለባቸው። ስስ የብረት ቅጠሎች ባሉት የክፍተት መለኪያ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ ይለካል። አሥር ሴንቲሜትር ስፋት ላለው መጋጠሚያ በትልቁና በትንሹ ክፍተት መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 0.1 ሚሊሜትር ነው፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል። ከመለካቱ በፊት ግን ያልታሰረው ሻፍት በራሱና በመጋጠሚያው ክብደት ወደ ታች ይንጠለጠላልና ቀና አድርጎ መደገፍ ያሻል፤ ይህን የዘለለ ሰው ሞተሩን ከተሳሳተ ነገር ጋር ያስተካክላል።

አንድ ፈተና ደግሞ አለ። ሰፊው ክፍተት ከታች ነው እንበል። ሻፍቱን ግማሽ ዙር አዙሬ እንደገና እለካለሁ። ክፍተቱ አሁንም ከታች ከሆነ ሞተሩ ነው መንቀሳቀስ ያለበት። ክፍተቱ ከሻፍቱ ጋር ዞሮ ወደ ላይ ከሄደ ግን ጥፋቱ መጋጠሚያው ወይም ሻፍቱ ራሱ ነው፤ ሞተሩን ቀኑን ሙሉ ቢያነሡት ቢጥሉት አይስተካከልም። ጋሼ መብራቱን ይዘው ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ይጽፉ ነበር። አውሮፕላን ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸውና መለኪያ ሁለት ጊዜ እንዲነበብ ይፈልጋሉ፤ እንደ እሳቸው ያለ ረዳት ሁልጊዜ ባገኝ።

የሱፖርቶዎቹን ዳዶዎች እያነሣን እያወረድን፣ መጀመሪያ ከፍታውን፣ ከዚያ ጎኑን፣ ከዚያ ጎኑ ያበላሸውን ከፍታ እንደገና፣ ወደ ማታ ከተፈቀደው በታች ገባን። ብሎኖቹን አሰርን። በዚያው ምሽት በሁለት ሺህ ዙር ሳህኖቹ ዝም አሉ።

ይህን ስሠራ ሙያውን ከጀመርኩባት ከባሕር ዳር አጠገብ ስላለው የጣና ሐይቅ ማሰቤ አይቀርም። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የተባሉት ወንዞች በክረምት የሚያመጡት አፈር ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ ደለል ደግሞ ለኩሽኔታ ጠላት ነው። እኛም ጋ ከሲያትል በደቡብ በኩል የፑያለፕ ወንዝ የሬኒየር ተራራ በረዶ የፈጨውን የድንጋይ ዱቄት ይዞ ታኮማ ወደብ ይገባል፤ ጠባዩ አንድ ነው። ጣና ላይ እንደ ቀድሞው ገመድ ብቻ አይደለም ፕሮፔለር የሚይዘው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ የታወቀው እምቦጭም አለ። ሻፍታቸው በጀልባው ሆድ በኩል የሚወጣ ጀልባዎችን የምታሽከረክሩ ወንድሞቼ፣ አረሙ ሲጠመጠም ዙር ጨምሮ ለመበጠስ አትታገሉ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ቁረጡት፤ የተጠመጠመ ነገር የኩሽኔታውን አፍ ይዘጋል፣ ውሃ ያጣ ጎማ ለመቃጠል ረጅም ጊዜ አይፈልግም። ዳር ላይ ደለሉን እያነሣችሁ በኃይል ወደ ኋላ አትሂዱ። ሻፍቱ ላይ የሚታሰረውንም ብረት አስተውሉ፤ ዚንክ የተሠራው ለጨው ውሃ ነው፤ እንደ ጣና ባለ ጣፋጭ ውሃ ማግኒዥየም ይሻላል። የጋሼም ጀልባ ጊዜዋን የምታሳልፈው በሐይቁና በባሕሩ መካከል ስለሆነ በአሉሚኒየም ቀይሬላቸዋለሁ፤ በሁለቱም ይሠራል።

አዲስ ሱፖርቶ በመጀመሪያዎቹ የሥራ ሰዓቶች ትንሽ ይቀመጣል። ስለዚህ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ መጋጠሚያውን ፈትቶ እንደገና መለካት፣ የስተፊንግ ቦክሱን ጠብታ ማየት፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሳጥኑን በእጅ ዳስሶ ሙቀቱን መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ለብ ማለት ይችላል፣ እጅ ካላስቀመጠ ጠብቋል። ከሳጥኑ ፊት ለፊት ሻፍቱ ላይ አንድ ቀለበት ማሰርም ጥሩ ነው። መጋጠሚያው አንድ ቀን ቢላቀቅ ሻፍቱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከጀልባው እንዳይወጣ፣ ቀዳዳውንም ለባሕሩ ከፍቶ እንዳይተው ያቆመዋል።

ጀልባችሁን ለሌላ ግቢ የምትሰጡ ከሆነ ሥራው ሳይጀመር አንድ ነገር ጠይቁ፤ አሮጌው ኩሽኔታ ከመውጣቱ በፊት ላይኛውና ፊተኛው ጎኑ ምልክት ይደረግበት፣ ሲወጣም ለእናንተ ይሰጣችሁ። ከሂሳቡ ጋር የመጋጠሚያው አራት ቁጥሮች በወረቀት ይጻፉላችሁ፤ ከሥራው በፊት የነበሩት አራቱ፣ ከሥራው በኋላ ያሉት አራቱ። የጋሼ ወረቀት ከሞተሩ ክዳን ውስጠኛው ገጽ ላይ ተለጥፏል፤ በየዓመቱ አንድ መስመር እንጨምርበታለን።